ከ9 ታካሚ 2ቱ ሲያፈስሱ፦ ስቴፕለሩ ነው ወይስ እኛ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ መሃል አዲስ አበባ ባለ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ባለፉት ስምንት ወራት የ40 ታካሚዎች የተቆረጠ አንጀት በስቴፕለር፣ ማለትም በትንንሽ ብረት (ስቴፕል) በሚሰፋ መሣሪያ፣ ተገጥሟል። 31ዱ በለመድነው ስቴፕለር ነው። እሱ ገበያ ላይ ሲጠፋ ሌላ ብራንድ ተገዛ፤ የመጨረሻዎቹ 9 በእሱ ተሠሩ። ከ31ዱ አንድም አላፈሰሰም፤ ከ9ኙ ግን ሁለቱ አፈሰሱ፤ የተገጠመው ቦታ ተከፍቶ የአንጀታቸው ፈሳሽ ወደ ሆድ ወጣ። ሁለቱም አንጀታቸው ተጠምዝዞ በሌሊት የመጡ ነበሩ። ሐኪሞቹ ‹ዕቃው ነው› ይላሉ። አቅራቢው ‹አጠቃቀማችሁ ነው› ይላል። አንድ ባልደረባችን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በስቴፕለር 366 ሰው ሞተ የሚል አንብቦ ሁላችንም ፈራን። እውነት ስቴፕለር አደገኛ ነው? እኛ ጋ ደህና መሆኑንስ በምን እናውቃለን?»

መልስ፦

ሲስተር፣ በመጀመሪያ ስለቆጠሩ አመሰግናለሁ። 31፣ 9፣ 2 ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ የለም። አብዛኛው ሰው «ስቴፕለር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ነው የሚመጣው። እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለውም።

ፍርዴን ላስቀድም። በያዙት ቁጥር ዕቃው ጥፋተኛ ነው ማለት አይቻልም። ነጻ ነው ማለትም አይቻልም። ቢሆንም አዲሱ ብራንድ እስኪጣራ ድረስ ከመደርደሪያ ይውረድ፤ ለብቻው ይቆለፍበት። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

ከባልደረባዎ ልጀምር። ያነበበው ቁጥር እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ለሐኪሞች ደብዳቤ ጽፎ ነበር (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ከ2011 መጀመሪያ እስከ ማርች 2018 ድረስ፣ ሰውነት ውስጥ ስለሚገቡ ስቴፕለሮችና ስቴፕሎች ከ41,000 በላይ ሪፖርት ደርሶት ነበር። ከእነዚህ 366ቱ ሞት ነው። ከ9,000 በላይ ከባድ ጉዳት፣ ከ32,000 በላይ ደግሞ የዕቃ ብልሽት ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ለብቻው ብዙም አይነግረንም። በእነዚያ ዓመታት ስቴፕለር ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ ማለትም ስቴፕሉን እንደለቀቀ፣ ሪፖርቱ ውስጥ የለም። «ከሜክሲኮ ፒያሳ ባለው መንገድ በዓመት 10 ታክሲ ተጋጨ» ቢባሉ ወዲያው የሚጠይቁት «ስንት ታክሲ ተመላልሶ?» ብለው ነው። እዚህም ያው ነው። ደግሞ ሪፖርት ማለት ዕቃው ገደለ ማለት አይደለም። ዕቃው ጥቅም ላይ በዋለበት ኦፕራሲዮን ጉዳት ደረሰ ማለት ነው። ከሟቾቹ መካከል ሲመጡም በጠና የታመሙ ይኖራሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ያ የ41,000 ድምር ከእውነቱ ያነሰ ነበር። አምራቾች የብልሽት ሪፖርትን ሕዝብ ወደሚያየው መዝገብ ሳያስገቡ፣ በማጠቃለያ መልክ ለባለሥልጣኑ ብቻ እንዲልኩ ለዓመታት ተፈቅዶላቸው ነበር። ጋዜጠኞች ይህን በ2019 ሲያወጡት አሠራሩ ቀረ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው ጉዳዩን ሲያዩ፣ ከ2011 እስከ 2018 ያለው ድምር ወደ 110,000 ተጠግቶ ተገኘ። ዘመኑ የረዘመው በጥቂት ወራት ብቻ ነው። ዕቃው ያው ነው። የቆጠራው መንገድ ሲለወጥ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

በ2021 ባለሥልጣኑ እነዚህን ስቴፕለሮች ከዝቅተኛው የቁጥጥር ደረጃ ወደ ሁለተኛው አሳደጋቸው። እስከዚያ ድረስ ስቴፕለሩ ከተራ የእጅ መሣሪያ እኩል ይታይ ነበር። አሁን አምራቹ ስቴፕሉ በትክክል መታጠፉን በሙከራ ማሳየት አለበት። ሐኪምና ነርስ ዕቃውን ሳይሳሳቱ መጠቀም መቻላቸውንም መፈተን አለበት። ይቺን ሁለተኛዋን ልብ ይበሉልኝ። ዕቃው ለስህተት የሚያመች ከሆነ ስህተቱ የእጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ያንተ ነው፣ የእኔ አይደለም የሚለው የሐኪሞችና የአቅራቢ ክርክር እዚህ ላይ ይላላል።

በደብዳቤው የተዘረዘሩት ችግሮች ለእናንተ አዲስ አይሆኑም። የስቴፕል መስመር መከፈት። ስቴፕል በትክክል አለመታጠፍ። አለመተኮስ፣ ወይም እየጎተቱ በግድ መተኮስ። ለሥጋው የማይሆን መጠን መምረጥ። ከዕቃ የሚመጣውና ከሰው የሚመጣው እየተቀላቀለ ነው የተጻፈው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥም የሚገጥመን እንደዚሁ ተቀላቅሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጥናት ምን ይላል?» ብለው ቢጠይቁኝ ሁለት መልስ አለኝ፤ ሁለቱ ደግሞ ይጋጫሉ።

ትንሹ አንጀትና ትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ሲገጠሙ በስቴፕለር ይሻላል ወይስ በእጅ ስፌት? ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚዎች ድርጅት በዕጣ ተመድበው የተሠሩ ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። በድምሩ 1,125 ታካሚዎች ናቸው። በስቴፕለር ከተገጠሙት 441 መካከል 11 አፈሰሱ። በእጅ ከተሰፉት 684 መካከል 42። ስቴፕለር አሸነፈ ማለት ነው።

ቆየት ብሎ በ2015 የአውሮፓ የኮሎፕሮክቶሎጂ (የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ሕክምና) ማኅበር ሌላ መንገድ ሄደ። ማንንም አልመረጠም፣ ዕጣም አላወጣም። በየሆስፒታሉ በዕለት ተዕለት ሥራ የተሠራውን ብቻ መዘገበ። ከ3,200 በላይ ታካሚዎች ተሰበሰቡ። በስቴፕለር የተገጠሙት 8.5 በመቶ፣ በእጅ የተሰፉት 7.4 በመቶ አፈሰሱ። የታካሚዎቹ የበሽታ ክብደት ተስተካክሎ ሲሰላም ስቴፕለሩ ወደ ኋላ ቀረ።

ይህ ያኔ ብዙ ሐኪም አስገርሟል። እኔንም። ግን ቆም ብለው ካዩት ይገባል። የሙከራ ጥናት ውስጥ የሚገቡት ታካሚዎች የተመረጡ ናቸው፤ ሐኪሞቹም በዕቃው የሠለጠኑ። መዝገቡ ውስጥ ግን ሁሉም አለ። የሌሊቱ፣ የደከመው፣ አንጀቱ ያበጠው፣ ስቴፕለር ለሦስተኛ ጊዜ የሚይዘው ሐኪም ጭምር። መዝገቡም የራሱ ድካም አለው። ለማን ስቴፕለር ለማን ክር እንደሚሆን የመረጠው ሐኪሙ ነው፤ የመረጠበት ምክንያት ሁሌ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ «ስቴፕለር ከክር የባሰ ነው» ብዬ አልደመድምም። የምለው ይህን ነው፦ ሌላ ቦታ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ የታየ ውጤት ለእናንተ ክፍል ዋስትና አይሆንም። የእናንተን የሚነግራችሁ የእናንተ መዝገብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ 40 ታካሚዎች።

ከ40ው 2 ማለት 5 በመቶ ነው። ነገር ግን በ40 ሰው ላይ የታየ 5 በመቶ በጣም ሰፊ ጥርጣሬ አለበት። እውነተኛው መጠን ከ1 በመቶ በታች ሊሆን ይችላል። 17 በመቶም ሊጠጋ ይችላል። ሁለቱም ከቁጥርዎ ጋር አይጣሉም። በለመዳችሁት ስቴፕለር ከ31 አንድም አላፈሰሰም፤ ደስ ይላል። ግን እዚህ ላይ አንዲት ቀላል ስሌት አለች። አንድም መጥፎ ነገር ካላዩ 3ን ለታካሚዎቹ ቁጥር ያካፍሉ። 3 ሲካፈል ለ31 ወደ 10 በመቶ ይሆናል። ማለትም እውነተኛው መጠን እስከ 10 በመቶ ድረስ ሆኖ፣ እናንተ ዕድል ቀንቷችሁ 31 ጊዜ ልታልፉ ትችላላችሁ። ዜሮ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም።

አሁን ጥርጣሬው ያረፈበትን እንይ። ሁለቱም ያፈሰሱት ከ9ኙ ውስጥ ናቸው። ብራንዱ ምንም ልዩነት የለውም እንበልና ሁለቱ በዕጣ ወደቁ እንበል። የመጀመሪያው ከ9ኙ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 9 ከ40 ነው። የሁለተኛው 8 ከ39። ሲባዛ ከ100 ወደ 5 ገደማ ይመጣል። ትንሽ ነው፤ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በየሆስፒታሉ በየወሩ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አንድ ቦታ ይፈጠራል። ደግሞ እርስዎ የጻፉልኝ ሁለቱ ስላፈሰሱ ነው። ባያፈሱ አይጽፉልኝም ነበር። ይህም ቁጥሩን ያጋንነዋል።

ትልቁ ፍንጭ ያለው እርስዎ በጎን ባነሱት ነገር ላይ ነው። «ሁለቱም አንጀታቸው ተጠምዝዞ በሌሊት የመጡ» ብለዋል። ከ9ኙ ስንቱ ድንገተኛ ነበሩ? ከ31ዱስ? 31ዱ በአብዛኛው ቀጠሮ ተይዞላቸው፣ ምግባቸው ተስተካክሎ፣ ጠዋት የተሠሩ ከሆኑ እኮ ብራንድን ከብራንድ አላወዳደራችሁም። ሌሊትን ከጠዋት ነው ያወዳደራችሁት። ይህን ቁጥር ከሁሉም በላይ እፈልገዋለሁ።

የተጠመዘዘ አንጀት ነገር እዚህ አገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የሲግሞይድ፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል፣ መጠምዘዝ አውሮፓ ውስጥ ብዙ አይታይም። እኛ ጋ ግን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር ዘግይተው ይመጣሉ። አንጀታቸው ለዓመታት ሲነፋና ሲተነፍስ ግድግዳው ይወፍራል። በዚያ ላይ ያብጣል። ስቴፕለር ደግሞ ውፍረት ያውቃል።

አሠራሩን ያውቁታል፤ ግን ለሌሎች አንባቢዎች ልናገር። ስቴፕሉ ከካርትሪጁ (ስቴፕሎቹ ተደርድረው ከሚገቡበት ተቀያሪ ክፍል) ሲወጣ ቀጥ ያሉ ሁለት እግሮች አሉት። ሥጋውን በስቶ አልፎ ከማዶ ያለው ብረት ላይ ሲያርፍ እግሮቹ ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ። የላቲኗን ቢ ፊደል ይመስላል። ይህ ቅርጽ ትንንሽ የደም ሥሮች በመሃሉ እንዲያልፉ ክፍተት ይተዋል፤ ስለዚህ ሥጋው አይሞትም። ሁመር ሁልትል የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም በ1908 ቡዳፔስት ላይ የመጀመሪያውን ሲጠቀም መሣሪያው ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝን ነበር። መገጣጠሙ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። መርሁ ግን እስካሁን ያው ነው።

ሥጋው ለስቴፕሉ ከወፈረ እግሮቹ ተጠቅልለው አይዘጉም። መስመሩ ይከፈታል። ሥጋው ከሳሳ ደግሞ ስቴፕሉ ይላላል፤ ይደማል። ለዚህ ነው ካርትሪጅ በቀለም የሚለየው። በብዙ ብራንዶች ነጩ ሲዘጋ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 1.5፣ አረንጓዴው 2 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ ብራንዶች አልኩ። በሁሉም አይደለም። ቀለሙ ዓለም አቀፍ ሕግ የለውም። ሐምራዊና ቡናማ የሚጠቀሙም አሉ፤ በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ የተለያየ ቁመት ያለው ስቴፕል የሚደረድሩም አሉ።

ሲስተር፣ አሁን ማሸጊያውን ያውጡና ያንብቡት። የአዲሱ ብራንድ ሰማያዊ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ክፍት ሲሆን ስንት፣ ሲዘጋ ስንት? ከቀድሞው ጋር አንድ ነው? እኔ እንደማየው፣ ብራንድ ሲቀየር በጣም የሚዘነጋው ይህ ነው። ሐኪሙ «ሰማያዊ» ይላል። ነርሷ ሰማያዊ ትሰጣለች። ሁለቱም ትክክል ሠርተዋል። ግን ሰማያዊው ያ ሰማያዊ አይደለም። ያበጠ ሲግሞይድ ላይ ሲሆን ደግሞ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ትልቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀለም መጠራራት ቢቀር ደስ ይለኛል። «ሲዘጋ 2 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ይጠየቅ፤ ስትሰጡም ጮክ ብላችሁ ቁጥሩን ድገሙ።

ሌላም የሚታይ አለ። ከመተኮሱ በፊት ተቆንጥጦ ይቆያል? አንጀቱን ጨምቆ 15 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ከሥጋው ውስጥ ውኃው እንዲወጣ ያደርጋል፤ ስቴፕሉም የተሻለ ይታጠፋል። ሌሊት ላይ መጀመሪያ የምትዘለለው ይቺ 15 ሰከንድ ናት። የተኩሱ መስመር ቀድሞ የተቀመጠ ክሊፕ ላይ አርፏል? የደም ሥር የሚዘጋ ክሊፕ ስቴፕለሩን ያደናቅፋል። እጀታውስ? ካርትሪጁ አንዴ ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እጀታውም ለአንድ ታካሚ ተብሎ የተሠራ ከሆነ እየታጠበ ለሌላው መዋሉ አምራቹ ያልሞከረው ነገር ነው። ዕቃው ውድ ነው፣ ዶላር የለም፣ አውቃለሁ። ግን ከ9ኙ በአንዳቸው ላይ ይህ ተደርጎ ከሆነ መጻፍ አለበት። ሳይጻፍ ብራንዱን መክሰስ አንችልም።

ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ዝቅ ያለ የፊንጢጣ ካንሰር ሠራሁ። በክቡ ስቴፕለር ገጠምኩት። ክቡ ስቴፕለር ሲተኮስ ሁለት የሥጋ ቀለበቶች ቆርጦ ያወጣል። ሁለቱም ሙሉ መሆን አለባቸው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ትንሽ ቆይተን ነበር፤ መሽቷል፤ ሁላችንም ደክመናል። ቀለበቶቹን አየሁ። አንደኛው በአንድ በኩል ሳሳ ያለ መሰለኝ። «ይሁን» አልኩ። ዳሌው ውስጥ ውኃ ሞልተን ከታች አየር ነፍተን አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ማየት ነበረብን። አላየንም። በ6ኛው ቀን አፈሰሰ። ታካሚው ዳኑ፤ ግን ሆዳቸው ላይ ሰገራ የሚቀበል ከረጢት ይዘው ለወራት ኖሩ። ስቴፕለሩስ? ያኔውኑ ከቆሻሻው ጋር ተጥሏል። ዕቃው አጥፍቶ ይሁን እኔ፣ እስከ ዛሬ የማውቅበት መንገድ የለም። አሁንም ያቺ «ይሁን» ትመጣብኛለች።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሊክ ያደረገ (ያፈሰሰ) ወይም በደንብ ያልተኮሰ ስቴፕለር አይጣል። ሊክ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነውና የእያንዳንዱ ታካሚ ካርትሪጅ ከነማሸጊያው ታጥቦና ጸድቶ፣ ስም ተለጥፎበት 30 ቀን ይቆይ። አንድ ካርቶን ይበቃል። ቢያንስ ማሸጊያው ላይ ያለው የሎት (የምርት ዙር) ቁጥርና ማብቂያ ቀን የታካሚው ካርድ ላይ ይለጠፍ። 30ኛው ቀን በሰላም ሲያልፍ ይወገድ።

መዝገቡን እንዴት እንደምትይዙት ልምጣ። ኮምፒውተር አትጠብቁ። አንድ ወፍራም ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ መስመር። ቀኑና ሰዓቱ። የታካሚው ካርድ ቁጥር። ድንገተኛ ወይስ ቀጠሮ። የትኛው አንጀት፤ ያበጠ ወይስ ደህና። ብራንድ፣ ሎት፣ ሲዘጋ ስንት ሚሊ ሜትር። ማን ተኮሰ። በቀላሉ ሄደ ወይስ ታገለ። ደማ? ቀለበቶቹ ሙሉ ናቸው? የአየር ፈተናው ተደረገ? በደህና ያለፈውም ይጻፍ። በተለይ በደህና ያለፈው ይጻፍ። መጥፎውን ብቻ የሚጽፍ ደብተር እንደዚያ 366 ነው የሚሆነው፤ ያስፈራል እንጂ አይመዝንም።

«ማፍሰስ» ማለት ምን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። የፊንጢጣ ካንሰርን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ቡድን በ2010 ያወጣው ደረጃ ቀላል ነው። አንደኛው ሕክምና የማይቀይር፣ በምስል ብቻ የታየ። ሁለተኛው በአንቲባዮቲክ ወይም በቱቦ የታከመ፣ ግን ሆድ ዳግም ያልተከፈተበት። ሦስተኛው ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ። ካልተስማማችሁ አንዱ ሐኪም «ሊክ ነው» ያለውን ሌላው «ኢንፌክሽን ነው» ይለዋል። ቁጥሩም በተረኛው ሐኪም ይወሰናል።

የሚከብደው 30ኛው ቀን ነው። ታካሚው በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ወደ ወሎ ወይም ወደ ባሌ ይመለሳል። እዚያ ቢያፈስስ እናንተ «ደህና ወጣ» ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ስለዚህ ሲወጣ የሁለት ሰው ስልክ ይያዝ፤ የራሱና የአንድ ዘመድ። በ30ኛው ቀን ይደወል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ በሕይወት አሉ? ሌላ ሆስፒታል ገብተው ነበር? ሆዳቸው ዳግም ተከፍቷል? ስልክ ያልተነሳለት ታካሚ «ደህና» ተብሎ አይቆጠር። «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ።

አሁን ደግሞ ደብተሩን የምታነቡበት ዘዴ። የሒሳብ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይሳሉ። ክፍላችሁ የሚቀበለው 5 በመቶ ነው እንበል። ላፈሰሰ ታካሚ ሁሉ 0.95 ወደ ላይ ይውጡ። በደህና ላለፈ ሁሉ 0.05 ወደ ታች ይውረዱ። መስመሩ ዜሮ አካባቢ ከዋዠቀ እንደጠበቃችሁት እየሄደ ነው። ወደ ላይ እየወጣ ከቀጠለ ቆም በሉ። የእርስዎን ስሠራው ከ31ዱ በኋላ ከዜሮ በታች 1.55 ይደርሳል። ከዚያ ሁለቱ ያወጡትና በ40ኛው ታካሚ ልክ ዜሮ ላይ ያርፋል። በድምሩ ሲታይ ከተጠበቀው ምንም አላለፋችሁም ማለት ነው። ግን የመጨረሻው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ያቺ ዳገት ናት መታየት ያለባት። ለድንገተኛና ለቀጠሮ ሁለት መስመር ብትለዩ ደግሞ የበለጠ ትናገራለች።

ታዲያ ምንም ካልተረጋገጠ ለምን ይቆለፍበት አልኩ? ዋጋው ስለማይመጣጠን ነው። ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ለሁለት ሳምንት ቢቀመጥ የምናጣው ትንሽ ገንዘብና ትንሽ ጊዜ ነው፤ እስከዚያ በክር ይሰፋል። ዕቃው ችግር ኖሮት ብንቀጥል የሚያጣው ቀጣዩ ታካሚ ነው። በክር መስፋት ለማይችል ክፍል ስቴፕለር መስጠት ራሱ አያስማማኝም። ስቴፕለር ሥራ መሃል ላይ እንቢ ሲል የሚያድነው ክር ነው። ሬዚደንቶቻችን (በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) ሁለቱንም በእጃቸው ማወቅ አለባቸው።

በሁለቱ ሳምንታት ከተቆለፈው አንድ ካርትሪጅ መሥዋዕት ይደረግ። ከሥጋ ቤት የበሬ አንጀት ይምጣ፤ ጾም ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከታካሚ መሣሪያ ጋር በማይገናኝ ክፍል፣ ለልምምድ በተለየ እጀታ ይተኮስ። ስቴፕሎቹን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ሁሉም ተጠቅልለዋል? ያልተዘጋ እግር አለ? ከዚያ ውኃ ቀለም ነክሮ ይሞላና ይጨመቅ። የቀድሞው ብራንድ ካለ ጎን ለጎን ይሞከር። ይህ የላቦራቶሪ ፈተና አይደለም፤ የመጨረሻ ማስረጃም አይሆንም። ግን ግማሹ ስቴፕል ቀጥ ብሎ ከቆመ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

አቅራቢውን ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁት። የዚህ ሎት የጥራት ወረቀት የት አለ? ከዚህ ሎት ሌላ ሆስፒታል ቅሬታ አቅርቧል? የኢትዮጵያ ምዝገባው የት አለ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሕክምና መሣሪያ ደህንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ለእሱም ሪፖርት ይሂድ። «እርግጠኛ ስንሆን እንልካለን» አትበሉ። እርግጠኛ የሚያደርገው የእናንተ ሁለት ብቻውን አይደለም። ከእናንተ ሁለት፣ ከሌላው ሆስፒታል አንድ፣ ከክልል ደግሞ አንድ ሲደመር ነው ነገሩ የሚታየው። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና ራስ ደስታ ሆስፒታሎች አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ግን አንዱ ክፍል ውስጥ የሆነውን ሌላው አይሰማም።

ስብሰባ ሲጠራ አንድ ነገር አደራ። ሁለቱን የተኮሰው ሐኪም ተከሳሽ ሆኖ አይቅረብ። ደብተሩ ላይ «ማን ተኮሰ» የሚለውን ያስገባሁት ልምድ ለማየት ነው። እሱ ቦታ ለቅጣት ከዋለ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማንም እውነቱን አይጽፍላችሁም። ታግሎ የተኮሰው ሁሉ «በቀላሉ ሄደ» ይባላል።

በመጨረሻ ስለ ታካሚዎቹ። በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ አገራችንም ነበረችበት። 2.1 በመቶ ሞተዋል፤ ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው። አብዛኞቹ የሞቱት ግን ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በኋላ ዋርድ ውስጥ ነው። ሊክ በየትኛውም አገር ያጋጥማል። ልዩነቱ በስንት ሰዓት ተደረሰበት የሚለው ነው። ከትኩሳትና ከሆድ መደንደን በፊት ብዙ ጊዜ የሚናገረው የልብ ምት ነው። በ4ኛው ቀን ምቱ ከ110 በላይ የሆነ ሰው «ጨንቆት ነው» ተብሎ አይታለፍ። የዋርድ ነርሶቻችሁ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም የመቀስቀስ ሙሉ መብት ይኑራቸው።

ሁለቱ ታካሚዎች አሁን ዋርድ ካሉ ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው የሆነው ነገር በግልጽ ይነገር። «ስፌቱ አፍስሷል። ምክንያቱን እያጣራን ነው። ስናውቅ እንነግራችኋለን።» ከዚህ በላይም ከዚህ በታችም አያስፈልግም። ዕቃውን ከመድኃኒት ቤት በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው ያመጡ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይገባቸዋል።

እስከዚያ ሦስት ነገር ይላኩልኝ። ከ31ዱና ከ9ኙ ስንት ስንቱ ድንገተኛ እንደነበሩ። የሁለቱ ብራንዶች ካርትሪጅ ሲዘጋ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ከማሸጊያው ላይ ፎቶ አንስተው። የሁለቱ ታካሚዎች ካርትሪጅ ሎት አንድ ይሁን የተለያየ። የታካሚ ስም አይላኩ። ሎቱ አንድ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለባለሥልጣኑ ይደውሉ።